ቲ-ባር ወንበር አይደለም፦ ከሐዋሳ ወደ በረዶ ተራራ ለሚሄድ ሰው የጎታች ሊፍት መመሪያ

የእህቴ ልጅ ለማስተርስ ወደ ስዊድን ሊሄድ አንድ ወር ሲቀረው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ሄጄ እንዳላፍር ምን ምን ልወቅ?» አለኝ። ስለ ጃኬት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ባንክ ካርድ እንድነግረው ነበር የጠበቀው። እኔ ግን እዚያ ባሳለፍኳቸው ስድስት የብርድ ወቅቶች ሰው ፊት ያፈርኩት በአንዳቸውም አይደለም። ያፈርኩት ከተራራ ሥር ቆሜ፣ ወደ ላይ ይወስደኛል ብዬ ባመንኩት፣ ቲ-ባር በሚባል መጎተቻ ነው።

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ በረዶ አገር የሄደ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ አንድ ቅዳሜ ጓደኞቹ ስኪ (ረጃጅም ሰሌዳ እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት) ይዘውት ይሄዳሉ። መውረዱን ለማስተማር ሁሉም ይሽቀዳደማል። መውጣቱን የሚያነሳ ግን የለም፤ በልጅነታቸው የለመዱት ስለሆነ እንደ መራመድ ነው የሚቆጥሩት። ለጀማሪ ደግሞ ከመውረዱ በፊት የሚመጣው ፈተና እሱ ነው። እዚህ የምጽፈው ለልጁ የነገርኩትን ነው፤ እዚሁ ሐዋሳ፣ ሳሎን ውስጥ ያለማመድኩትም አለበት።

የምን ሊፍት ነው?

እኛ ዘንድ ሊፍት ማለት ወይ ፎቅ የሚያወጣው ሳጥን ነው፣ ወይ «እስከ አቶቴ ሊፍት ስጠኝ» ብለን የምንለምነው ነገር። በረዶ ተራራ ላይ ያሉት ሊፍቶች ደግሞ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ሰውን ከመሬት ያነሳል፤ ወንበር ወይም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው በአየር ላይ ይሄዳሉ። ሁለተኛው አያነሳም። ስኪያችሁ በረዶው ላይ እንደቆመ እናንተን ይጎትታል። ጎታች ሊፍት የምለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ከጎታቾቹ ሁሉ የዋሁ ምንጣፉ ነው። በትልልቅ አየር ማረፊያዎች እንዳለው ተንቀሳቃሽ ወለል የጎማ ምንጣፍ በረዶው ላይ ይሽከረከራል፣ ትቆሙበታላችሁ፣ ይወስዳችኋል። ሁለተኛው ባዶ ገመድ ነው፤ በእጅ ይያዛል። ሦስተኛው በዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ሳህን ያለው ሲሆን ስዊድኖች «ቁልፍ ሊፍት» ይሉታል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ማለታቸው ነው። ሌላው ዓለም ደግሞ በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ በሠራው በዣን ፖማጋልስኪ ስም አሳጥሮ «ፖማ» ይለዋል። አራተኛው ቲ-ባር ነው፤ የተገለበጠ የላቲን ቲ ፊደል የሚመስል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚጎትት። ስዊድኖች ከቅርጹ ተነስተው «መልሕቅ» ይሉታል። ፈረንሳዮች ጎታቾቹን በሙሉ በጨዋታ «መቀመጫ ጎታች» ይሏቸዋል፤ እኔ በጨዋ አማርኛ ነው የመለስኩት።

«ወንበር እያለ ይህ ጣጣ ለምን ቀረ?» ብሎ ልጁ ጠይቆኛል። ርካሽ ስለሆነ ነው፣ አንዱ ምክንያት። ሌላው ንፋስ ነው፦ ወንበሮቹን የሚያስቆም ንፋስ ሲነሳ ጎታቹ ብዙ ጊዜ ሥራውን አያቆምም፤ ሰዉ መሬት ላይ ነውና። ከላይ ባሉት የበረዶ ግግሮች ላይ ደግሞ ግግሩ ራሱ ቀስ እያለ ስለሚንቀሳቀስ፣ ምሰሶዎቹን ነቅሎ ማዛወር የሚቻልበት ሊፍት ይመረጣል። ስለዚህ ወንበሩ ብቻ ይበቃኛል ብላችሁ አትምጡ። ነፋሻ ቀን ላይ ከላይ ባለው ሜዳ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጎታች ሊፍት ብቻ ነው።

ጀማሪዎቹን ማወቅ ለሚወድ፦ በጀርመን ጥቁር ደን፣ ሾላኽ በምትባል መንደር፣ ሮበርት ቪንተርሃልደር የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1908 እንግዶቹን በገመድ ሽቅብ መጎተት ጀመረ። ገመዱን የሚያዞረው የውሃ ወፍጮ ነበር። የዛሬው ቲ-ባር አባት ግን ኤርንስት ኮንስታም የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቮስ ላይ፣ ቦልገን ከሚባለው ዳገት፣ የመጀመሪያውን ጎታች ሊፍቱን እ.ኤ.አ. በ1934 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሥራ አስጀመረ። ዳቮስ ከተማዋ 1,560 ሜትር ላይ ናት፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ። ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስኪ የሚያስፈልገን እኛ ነበርን። ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ርቀን ስለተቀመጥን ነው በረዶው የቀረብን። በዚያው ግን አንድ ነገር አትርፈናል፦ እነሱ ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እኛን ብዙ አይነካንም።

የባጃጁ እግር

አሁን ወደ ዋናው። መናኸሪያ በር ላይ ቤንዚን ያለቀበት ባጃጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሌላ ባጃጅ ከኋላው ይጠጋል፣ ሹፌሩ አንድ እግሩን ያወጣል፣ የቆመውን ከኋላው ረግጦ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሁለቱ ተያይዘው እስከ ማደያ ይሄዳሉ። የፊተኛው ሹፌር ማርሹን ፎሌ ላይ ያደርጋል፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ፍሬን አይነካም። በቃ። የኋለኛው እግር ይገፋዋል እንጂ አይሸከመውም።

ቲ-ባርም ይኸው ነው። ከመቀመጫችሁ በታች፣ ጭናችሁ ጀርባ ላይ ያርፍና ይገፋችኋል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው የቀረውን እዚያው ይማረዋል። ያልያዘ ሰው ደግሞ ምንም ቢነገረው ይወድቃል፤ እኔ እማኝ ነኝ።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ከእኔ ጋር የተሰለፈው የሥራ ባልደረባዬ ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ ሰው ነበር። ሠራተኛው ቲውን ስቦ ከኋላችን አደረገው። እኔ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ዱካ የቀረበለት እንግዳ ይመስል አመስግኜ ቁጭ አልኩ። አስተዳደጋችን እንደዚያ ነው፤ ከኋላችን የሆነ ነገር ሲነካን «ቁጭ በል» የተባልን ይመስለናል። ቲው ግን አልተሸከመኝም። ከላይ ያለው ገመድ ሳጥን ውስጥ በብረት ሞላ የተጠቀለለ ነው፤ ክብደት ሲሰማው ይተረተራል። እኔ ስቀመጥ ገመዱ ተረተረልኝ፣ ቂጤ በረዶ ነካ፣ ስኪዎቼ ተጣመሩ፣ ባልደረባዬን በካፖርቱ ይዤው ወረድኩ። ሊፍቱ ቆመ። ከላይ እስከ ታች ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ የቆመበትን ምክንያት ፈለገ፤ ምክንያቱም እኔ ነበርኩ፣ እግሬ ሰማይ እያየ። ከኋላችን ተራዋን ትጠብቅ የነበረች ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ብቻዋን መጥታ፣ ቲውን በአንድ እጇ ያዘችና ሄደች።

ከመሄዳችሁ በፊት፣ እዚሁ ሐዋሳ

በረዶ የለም ተብሎ ልምምድ አይቀርም። የሚያስፈልገው ሴራሚክ የተነጠፈበት ኮሪደር ወይም ሳሎን፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ አንድ ሜትር የሚሆን የመጥረጊያ እንጨት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከኋላ የሚነጠፍ ፍራሽና አንድ የሚስብ ሰው ነው።

ገመዱን በእንጨቱ ሁለት ጫፍ እሰሩትና መሐሉን ለሚስበው ሰው ስጡት። እንጨቱን ጭናችሁ ጀርባ ላይ፣ ከመቀመጫችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። እግራችሁ በዳሌያችሁ ስፋት ይለያይ፣ ሁለቱም ጣቶች ወደፊት ይዩ፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። አሁን ሳቢው ቀስ ብሎ ይሂድ። ካልሲያችሁ ሴራሚኩ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ጭናችሁ ጀርባ ላይ የሚሰማችሁ ግፊት የቲ-ባር ግፊት ነው፤ በደንብ አዳምጡት። ሦስት አራት ጊዜ ከሄዳችሁ በኋላ ሳቢው ሳያስጠነቅቅ ነጠቅ ያድርጋችሁ። ሊፍቱም ሲነሳ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ትልቁ ትምህርት የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ለሳቢው «ክብደት ከተሰማህ ገመዱን ላላ አድርግ» በሉት፤ ሞላውን እንዲተካ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ተቀመጡ። የእህቴ ልጅ «እሺ ገባኝ፣ አልቀመጥም» ብሎ ምሎ ነበር። በሁለተኛው ጉተታ፣ ሳይታወቀው፣ ወገቡን ለቀቅ አደረገና ፍራሹ ላይ ዘጭ አለ። እህቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምነው፣ ልጄን ሳይሄድ ልትሰብረው ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን አልተቀመጠም። አፍ የማያስተምረውን ወገብ ይማረዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጭን ይዝላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሊፍት በሰከንድ 2.5 ሜትር ቢጓዝ ወደ ሰባት ደቂቃ ጉልበት አጥፎ መቆም ነው፣ በቀን ደግሞ ደጋግሞ። ከመሄዳችሁ በፊት ታቦር ተራራን በሳምንት ሁለቴ መውጣትና መውረድ ጥሩ ዝግጅት ነው። ሁለተኛው ክልከላ ነው፦ ስኬቲንግ ጫማ አድርጎ በባጃጅ መጎተት ልምምድ አይደለም። የሚሞክሩ ልጆች አይቻለሁ፤ አስፋልት በረዶ አይደለም፣ ከኋላ የሚመጣውም አይሱዙ ነው።

ልብስ

ይህን ክፍል ቀልድ አድርጋችሁ አትለፉት። በጎታች ሊፍት ላይ ክፉ አደጋ የሚመጣው ከመውደቅ ይልቅ ከመጠላለፍ ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የጃኬት ማሰሪያ ክር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስልክ ገመድ፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ይግባ ወይም ቤት ይቅር። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ፀጉሯን ኮሌታዋ ውስጥ ታስገባ። በተለይ የባዶ ገመዱ ዓይነት እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ልቅ ልብስና ፀጉር ይጠቀልላል። የጀርባ ቦርሳ ያለው ማሰሪያዎቹን ጠበቅ ያድርግ፤ የተንጠለጠለ ቀበቶ ከላይ ስትደርሱ ቲው ላይ ቢያዝ እናንተ ስትወርዱ ቦርሳው አይወርድም።

ጓንት የቆዳ ቢሆን ይመረጣል። የሊፍት ካርዱን በግራ ኪሳችሁ፣ ከስልክ ለብቻ አድርጉት፤ በብዙ ቦታ የበሩ ማንበቢያ ያለው በግራ በኩል ነው፣ ካርዱን ማውጣትም አያስፈልግም። ሄልሜት አድርጉ።

ከሰልፉ እስከ መነሻው

ሰልፉ ላይ እያላችሁ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ ከፊት ያሉትን አስር ጥንዶች ተመልከቱ። ቲው ከየት በኩል ዞሮ እንደሚመጣ፣ ሰዎቹ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ሲነጠቁ ምን እንደሚመስሉ ይታያችኋል። ከነሱ አንዱ ይወድቃል። እሱን ማየት አንድ ሰዓት ትምህርት ነው።

አጣማሪያችሁን ምረጡ። ቁመቱ ከእናንተ ጋር የሚቀራረብ ቢሆን መልካም ነው። ከእኔ ባልደረባ ዓይነት ሰው ጋር ከተጣመራችሁ ቲው በአጭሩ ሰው ልክ ይቀመጥ፤ ረጅሙ ጭኑ ላይ፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ያርፍለታል። በረጅሙ ልክ ከተቀመጠ አጭሩን ወገቡ ላይ ይገፋውና ወደፊት ይደፋዋል።

ለሠራተኛው «የመጀመሪያዬ ነው» በሉት። ማፈር የለም። ብዙዎቹ ሊፍቱን ቀስ ያደርጉላችኋል፣ ቲውንም ራሳቸው ይዘው ይሰጧችኋል። እኔ አፍሬ ሳልናገር ነው የቀረሁት፤ ዝምታዬ ምን እንዳመጣ ነግሬያችኋለሁ።

ተራችሁ ሲደርስ በእጅ የምትይዟቸውን የስኪ በትሮች ማንጠልጠያ ከአንጓችሁ አውጡ፤ ይህ ግዴታ ነው። ሁለቱንም በትሮች በውጪ በኩል ባለው እጃችሁ ያዙ። ማለትም በቀኝ የቆመ በቀኙ፣ በግራ የቆመ በግራው። ከዚያ ወደ መስመሩ ፈጥናችሁ ግቡ፣ ስኪያችሁን ወደ ላይ ወደ ተራራው ቀጥ አድርጉ፣ እርስ በርስ እንዲሁም ከባልደረባችሁ ስኪ ጋር ሳይነካኩ ትይዩ ይሁኑ። የውስጥ ትከሻችሁን አዙራችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ ቲው እየመጣ ነው። በውስጥ እጃችሁ መሐሉን ዘንግ ያዙ፣ አግዳሚው ከመቀመጫችሁ በታች ይረፍ። ፊታችሁን ወደፊት መልሱ።

አሁን አንድ ሁለት ሴኮንድ ምንም አይሆንም። አደገኛው ጊዜ ይህ ነው። ገመዱ ከሳጥኑ እየተተረተረ ስለሆነ ቲው የላላ ይመስላል፤ ሰው ደግሞ «ምነው ቀረ?» ብሎ ሊቀመጥበት ወይም ዞር ሊል ይቃጣዋል። አትንቀሳቀሱ። ጉልበታችሁን ለስላሳ አድርጋችሁ ጠብቁ። ገመዱ ሲያልቅ ነጠቅ ታደርጋችኋለች፤ ሳሎን ውስጥ የተለማመዳችሁት ያ ነው። ጉልበት ይውጠዋል፣ ስኪው ይንሸራተታል፣ ሄዳችሁ።

መንገድ ላይ

ፍጥነቱ ጋሪ ሶምሶማ ሲል የሚሄደውን ያህል ነው፤ አያስፈራም። መቆማችሁን ቀጥሉ። ክብደት በሁለቱም እግር እኩል ይሁን። ሰውነት ቀጥ፣ እጅ ዘንጉ ላይ፣ ዓይን ሩቅ፤ የስኪያችሁን ጫፍ የምታዩ ከሆነ ጫፉ ይጣመራል። መሬቱ ላይ ሌሎቹ ያበጁት ሁለት ቦይ አለ። ስኪያችሁ እዚያ ውስጥ ይሂድ፣ እናንተ ልታዞሩት አትሞክሩ። መስመሩ ላይ ግራ ቀኝ መወላወል የሚያዝናናቸው ወጣቶች አሉ፤ ከላይ ያለውን የብረት ገመድ ከመዘውሩ ሊያስወጣ ስለሚችል በየትም ቦታ ክልክል ነው።

መንገዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለበት ቦታ ይመጣል። እዚያ አንዳችሁ በሌላችሁ ላይ መንሸራተት ትጀምራላችሁ። መፍትሔው እንግዳ ይመስላል፦ አትሽሹ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋገፉ። ሲሸሹ ነው ስኪ የሚያያዘው። ዝቅ ያለ ጎድጓዳ ላይ ገመዱ ላላ ይልና ወዲያው መልሶ ይነጥቃል፤ ገመዱ ሲላላ ወደ ኋላ አትደገፉ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ደግሞ ግፊቱ ይጠነክራል፣ ሰውነት ወደፊት መድፋት ይፈልጋል። አትድፉ፤ አግዳሚው ይሾልክና ወገባችሁ ላይ ይወጣል።

ሊፍቱ በድንገት ቢቆም ምን ይደረጋል? ምንም። ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ጀማሪ ወድቋል ማለት ነው፤ ጸልዩለት። ቲውን እንደያዛችሁ ቁሙ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢያንሸራትታችሁ አትደንግጡ። ሲነሳ እንደገና ነጠቅ ስለሚያደርግ ጉልበት ይዘጋጅ።

ሲወደቅ

ትወድቃላችሁ። ዋናው ነገር ወዲያው መልቀቅ ነው። እጅ በደመ ነፍስ ይጨብጣል፤ እኛ ደግሞ የያዝነውን አንለቅም፣ ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥለን ያደግን ነን። እዚህ ግን ተንጠልጥሎ መጎተት ጉልበት ያጣምማል። ልቀቁ፣ ከቦዩ ወደ ጎን ተንከባለሉ፣ ከዚያ ነው መነሳት። የሚቀጥሉት ጥንዶች የሚደርሱት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ለመቆም፣ ከዚያ ለመውጣት አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ውጡ። ኮፍያችሁ ቦዩ ውስጥ ቢቀር ይቅር።

ከወጣችሁ በኋላ በጎን በኩል ወደተከፈተው መንሸራተቻ ሄዳችሁ ውረዱ። በቦዩ ውስጥ ሽቅብ ከሚመጣው ሰው ጋር ተጋፍቶ መውረድ አይቻልም። ባልደረባችሁ ወድቆ እናንተ ከቀራችሁ ደግሞ ዘንጉን በሁለት እጅ ያዙ፣ ወደ መሐል ጠጋ በሉ፣ ወደ ኋላ ዞራችሁ አትመልከቱ። ወዳጅነቱን ከላይ ስትገናኙ ታስተካክሉታላችሁ።

ሌሎቹ ዓይነቶች

ቁልፍ ሊፍት ለብቻ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ከቲ ይልቅ ይወደዋል። ዘንጉን ያዙ፣ በእግሮቻችሁ መካከል አሳልፉት፣ ሳህኑ ከመቀመጫችሁ ኋላ ይረፍ። ከዚያ ያው ሕግ ነው፤ አይቀመጡበትም። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው፦ ከብረት ገመዱ ላይ በሠራተኛው ወይም በራሱ የሚያያዘው ዓይነት ከቆመበት በአንዴ ወደ ሙሉ ፍጥነት ስለሚገባ ነጠቃው ይብሳል። ቀላል ክብደት ያላቸው ልጆች ለቅጽበት ከመሬት ሲነሱ አይቻለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ።

ባዶ ገመዱን እንዳያችሁ አትጨብጡ። ገመዱ እየሮጠ ነው፣ እናንተ ቆማችኋል፤ ድንገት የጨበጠ ሰው ትከሻው ይነጠቃል። መጀመሪያ በጓንታችሁ ውስጥ እንዲንሸራተት ተዉት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠበቅ አድርጉ፣ እስክትንቀሳቀሱ። አሜሪካ ውስጥ ቨርሞንት፣ ዉድስቶክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1934 የተዘረጋው የአገሪቱ የመጀመሪያ ገመድ በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ሞተር ነበር የሚዞረው፤ የገመዱ ጸባይ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተሻሻለም።

ምንጣፉ ላይ ያለው ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ከፊታችሁ ካለው ሰው ራቁ፣ መጨረሻው ላይ ሲወድቅ እንዳትጨመሩበት።

ስኖውቦርድ (ሁለቱም እግር የሚታሰርበት አንድ ሰፊ ሰሌዳ) ለሚይዝ ሰው ጎታች ሊፍት እውነት ለመናገር ከባድ ነው፤ ጎን ለጎን ቆሞ ወደፊት መጎተት ነውና። የፊት እግር ብቻ ይታሰር፣ የኋላው እግር በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ቦርዱ ላይ ይረፍ። ቲው ወይም ሳህኑ የፊተኛውን ጭን ይግፋ። ቦርዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይይ፣ በጠርዙ አትቁሙ፣ ፊታችሁ ወደ ተራራው ይዙር። የመጀመሪያው ቀን አምስቴ ብትወድቁ ጥሩ ቀን ነው።

ከልጅ ጋር የሚወጣ ሰው ቲውን በልጁ ልክ ያድርገው፤ ለእናንተ ጉልበታችሁ አካባቢ ስለሚያርፍ ትንሽ ጎንበስ ትላላችሁ፣ ወገባችሁም ያማርራል። ልጁ በጣም ትንሽ ከሆነ ምንጣፉ ይሻለዋል።

በነገራችን ላይ፣ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ሮቤል ተክለማርያም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር፣ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። በዚያ ውድድር ሊፍት የሚባል ነገር የለም፤ ዳገቱን በገዛ እግር ነው። ሯጮች ነንና ነገሩ ያምርብናል፣ ጭንቅም የለበት።

ከላይ ሲደረስ

መጨረሻው ሲቃረብ ምልክት ታያላችሁ፣ መሬቱም ለጥ ይላል። ከዚያ በፊት አትልቀቁ። አስቀድማችሁ ከባልደረባችሁ ጋር ተነጋገሩ፦ ማን ቲውን ይይዛል፣ ማን መጀመሪያ ይወጣል። ሜዳው ላይ ስትደርሱ ግፊቱ ይቀንሳል፤ አንደኛው ወደ ጎን ተንሸራቶ ይውጣ፣ የቀረው ዘንጉን ትንሽ ሳብ አድርጎ አግዳሚውን ከኋላው ያውጣና ይልቀቀው። ይልቀቀው እንጂ አይወርውረው። ሞላው ገመዱን መልሶ ሲጠቀልል የተወረወረ ቲ ይወዛወዛል፣ የሚቀጥለውን ሰው ግንባር ያገኛል። መልቀቅ ካቃታችሁ ከፊት ለፊት በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ መከላከያ አለ፤ ስትነኩት ሊፍቱ ራሱ ይቆማል።

ከዚያ ወዲያው ሂዱ። መውጫው ላይ አትቁሙ፣ ማሰሪያ አታጥብቁ፣ ስልክ አታውጡ። አስር ሜትር ያህል ወደ ጎን ርቃችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

በየካቲት የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ። ከታች የሚቀርጸው ጓደኛው ነው። ልጁ ቲውን ያዘ፣ የመጀመሪያውን ነጠቃ በጉልበቱ ዋጠው፣ አልተቀመጠም። ሌላ ሰው ከላይ ሆኖ የቀረጸው ሁለተኛ ቪዲዮ ደግሞ አለ፦ ቲውን እንደ ባለሙያ ለቀቀ፣ ሁለት እርምጃ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ቆመ። በሕይወቱ እንዲያ ያለ ነጭ ሜዳ አይቶ አያውቅም። እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ እየው!» እያለ ሳለ የሚቀጥሉት ጥንዶች ከነስኪያቸው መጡበት።